ዋቅቶላ ከግድግዳ የወረደበት ሐሙስ

ሐሙስ ጠዋት ኡርጂ ወንበር ላይ ወጥታ የአባቷን ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አወረደችው። ዋቅቶላ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ፎቶው ከሚስማሩ የተነሳው አንድ ጊዜ፣ ቤቱ ሲቀባ ብቻ ነው። እናቷ ሸዋርካብሽ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ከፎቶው ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ወረደ፣ ከዚያ በጥልፍ የተሠራው ጥቅስ፣ ከዚያ የኡርጂ የራሷ የምረቃ ፎቶ። ቴሌቪዥኑ አንሶላ ለበሰ። የጠረጴዛው ልብስ ተነሳ፤ ላዩ ላይ ከላፕቶፑና ከመታወቂያዋ በቀር አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንዳትገኝ ተፈተሸ። ሲጨርሱ ሳሎኑ ተከራይ የለቀቀው ቤት መሰለ፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ፎቶው የነበረበት አራት ማዕዘን ብቻ ነበር፣ ከሌላው ቀለም ትንሽ ደመቅ ብሎ።

ሸዋርካብሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለተኛ ክፍል አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ፈተና ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አይችልም። በፈተና ቀን ደብተር አሰብስባለች፣ ልጆች አራርቃ አስቀምጣለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች፤ ግድግዳ የሚያራቁት ፈተና ግን ያየችው ዛሬ ነው። ፈታኙ በየትኛው አገር እንደተቀመጠ ኡርጂ ራሷ አታውቅም። በካሜራ ያያታል፣ በማይክ ይሰማታል፤ ከመጀመሩ በፊት ላፕቶፑን ዙሪያውን አዙሪና ክፍሉን አሳዪኝ ይላታል፣ ከጠረጴዛው ሥር ሳይቀር። ሰው ከገባ ፈተናው ይቋረጣል። ድምፅ ከበዛ ይቋረጣል። እሷ ተነስታ ከወጣች በቃ፣ አለቀ። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ። ነገሌ ላይ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከጎረቤት ተጣልቷል፤ ሁለቱም ደግሞ ጠያቂና አስታራቂ ይጠራሉ። ሸዋርካብሽ ሳምንቱን ሙሉ ያሰበችው ይህንን ነበር።

ነገሩ የሊኑክስ ሲስተም አድሚኒስትሬሽን የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ነው። ሸዋርካብሽ ስሙን ሳትደናቀፍ ለመጥራት ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል፤ አሁን ግን እንደ መዝሙር ታወርደዋለች። ትክክለኛውን መልስ አክብቡ፣ እውነት ወይም ሐሰት በሉ የሚባልበት ፈተና አይደለም። ማሽን ይሰጥሻል፤ ለዚህ ሰው ፈቃድ ስጪ፣ ያንን ከልክዪ፣ አዲስ ዲስክ አስገቢ ትባያለሽ። ስትጨርሺ ማሽኑ ይዘጋና እንደገና ይነሳል፤ የሚታረመውም ከተነሳ በኋላ የተገኘው ሥራ ብቻ ነው። ከሦስት ወር በፊት ኡርጂን የጣላት ይኸው ነበር። ሁሉን ሠርታ ጨርሳ፣ ዲስኩም ገብቶ በዓይኗ አይታው፣ አንድ ነገር ረሳች። ማሽኑ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚያስገባ የሚያነበው ኤፍ ኤስ ታብ የሚባል ፋይል አለ፤ እሱ ላይ ሳትጽፍ ቀረች። ማሽኑ ተነሳ፣ ዲስኩ የለም፤ ዲስኩ ላይ የሠራችውም ሁሉ የለም። ከዚያ ወዲህ ኡርጂ ከሥራ ስትመለስ ሸዋርካብሽ ደብተሩን ይዛ ትጠብቃታለች። ጥያቄው በአማርኛ፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። መልሱ ምን ማለት እንደሆነ ባይገባትም ፊደል በፊደል ትከታተላለች፤ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ትይዛለች። በእያንዳንዱ መልስ መጨረሻም የራሷን ጥያቄ ትጨምራለች፦ «ተነስቶ ሲመለስስ?» ኡርጂ መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር፣ ቆይታ ይሰለቻት ጀመር፣ ባለፈው ወር ግን እናቷ አፏን ሳትከፍት ቀድማ መመለስ ጀመረች።

ሸዋርካብሽን እንዲህ እልህ ያስያዛት ኮሌጁ ኮሪደር ላይ የሰማችው ነገር ነው። ኡርጂ እዚያ የተቀጠረችው በዳታ ጸሐፊነት ነው፤ ሰርቨሩን አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ግን እሷ ናት፤ ሪፖርቱ ላይ የሚፈርመው ደግሞ ሐብታሙ የሚባል ባለዲግሪ ባልደረባዋ። አንድ ቀን ሸዋርካብሽ ልጇ ረስታው የሄደችውን ቁልፍ ልታቀብል ሄዳ፣ አለቃቸው አቶ ልዑልቃል በራቸውን ገርበብ አድርገው በስልክ ሲያወሩ ሰማች። የሲስተም አድሚኒስትሬተር መደብ ተፈቅዷል፤ መደቡ ለሐብታሙ ነው፤ ልጅቷ ወረቀት የላትም፤ ሥራውን እንደሆነ እንደ ድሮው ትሠራለታለች፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ የት ትሄዳለች ይላሉ። ሸዋርካብሽ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥታ ወጣች። እቤት ስትደርስ የሰማችውን ሁሉ አላወራችም፤ «ወረቀት» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው ለልጇ ያቀበለቻት። የመደቡ ማመልከቻ ሰኞ ይዘጋል። ለመጀመሪያው ፈተና ሲከፈል አብሮ የተሰጠው አንድ የድጋሚ ዕድልም በዚህ ሳምንት ያበቃል። ከዛሬ ሌላ ቀን የለም።

ስልክ ክፍሉ ውስጥ ክልክል ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚመጣው ከስልክ ነው። ቤቱን ዞረው ሞክረው፣ ኔትወርኩ ሳይቆራረጥ የሚይዘው ግቢው ውስጥ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ሆኖ ተገኘ። ኡርጂ ማንም የማያውቀው አዲስ ሲም ያስገባችበትን ስልክ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጣ የሚደገፍበት ነገር አጣች፤ በዚያ ላይ የነገሌ ፀሐይ አራት ሰዓት ካለፈ ስልክ ያግላል፣ የጋለ ስልክም ራሱን ያጠፋል። ሸዋርካብሽ ወደ ጓዳ ገባችና አልጋዋ ላይ አስተኝታው የነበረውን የዋቅቶላን ፎቶ ይዛ ወጣች። ወንበሩ ላይ አቆመችው፤ ስልኩን ከጀርባው፣ ጥላው ውስጥ አስደገፈችው። ዋቅቶላ ነጭ የክሊኒክ ጋዋኑን እንደለበሰ ወደ ግቢው በር ይመለከታል።

«አባትሽ ይያዝልሽ» አለች። ከነጋ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ኡርጂ ጉንጯን ሳመቻትና ገባች፤ በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

ሸዋርካብሽ ከወንበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጠላቶቿን አንድ በአንድ ቆጥራ ጨርሳለች። ዶሮዎቹ ቆጥ ውስጥ ተዘግተዋል፣ ውሻው ከትናንት ጀምሮ ሌላ ሰፈር ተልኳል፣ ውሃ አመላላሹ ጋሪ ዛሬ እንዳይመጣ ተነግሮታል። ያልቻለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የዓብዱልባሲጥ የናፍጣ ወፍጮ። እሱ ሲነሳ የሳሎኑ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ትናንት ሄዳ ለምናው ነበር። ዓብዱልባሲጥ ፊደል ያስቆጠረችው ተማሪዋ ነው፤ ዛሬ እህሉም ወፍጮውም የእሱ የሆነ፣ ያቤሎ ድረስ የሚታወቅ ነጋዴ ሆኗል። አክብሮ አስቀመጣት፣ ለስላሳ ከፈተላት፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ሐሙስ ሰልፍ የሚበዛበት ቀን እንደሆነ፣ ሴቶቹ ከገጠር በአህያ ጭነው እንደሚመጡ፣ ናፍጣ እንዴት እንደተወደደና በኪሎ የጨመራት አንዲት ብር እንኳ ስንት ንትርክ እንዳስነሳችበት አስረዳት። «ቲቸር፣ እርስዎን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው እንጂ፣ ለፈተና ወፍጮ ይቆማል?» አላት። ሸዋርካብሽ ለስላሳውን ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች።

አራት ሰዓት ሲሆን ወፍጮው ተነሳ። መስታወቱ መንዘር ጀመረ። ሸዋርካብሽ ከበርጩማዋ ዘልላ ሁለት መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ከውስጥ የሚሰማው የኪቦርድ ኳኳታ ቆመ። ፈታኙ ምን ብሏት ይሆን? አቋርጦባት ይሆን? ቆይቶ ኳኳታው ቀጠለ፤ እሷ ግን እጇን አላነሳችም። ፀሐዩ ስለበረታ ነጠላዋን ከራሷ በላይ ጥላ፣ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ቆመች። ጠጂቱ በተከፈተው የግቢ በር ብቅ ስትል ያየቻት እንዲህ ሆና ነው።

ጠጂቱ የሰፈሩ ዕድር አባል ናት፤ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ነበር የመጣችው። ለቅሶ ላይ ቀድሞ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው፤ እሷ ከጀመረች ሦስተኛው ሰፈር ይሰማል። ነጠላ ተከናንባ ግድግዳ የተደገፈች መበለት አየች፤ ወንበር ላይ የቆመ የሟች ባል ፎቶ አየች፤ በቀን የተዘጋ በር አየች። ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እጇን ወደ ራሷ አንስታ አፏን ልትከፍት ስትል ሸዋርካብሽ ደረሰችባት፤ በአንድ እጇ አፏን ያዘች፣ በሌላው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ ወደ ተዘጋው በር ጠቆመች፣ ራሷን ነቀነቀች። ለጠጂቱ ይህ ምልክት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ። የቤቱ ሰው ሞቶ፣ ለቅርብ ዘመዱ ገና ሳይነገር ሲቀር፣ ጎረቤት እንዲህ አፉን ይዞ ይሰበሰባል። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሸዋርካብሽን እቅፍ አድርጋ ጨመቀቻትና፣ አንዲት ቃል ሳታስተነፍሳት፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ወፍጮው ቆመ። ሸዋርካብሽ እጇን ከመስታወቱ አነሳች። ቀጥሎ ዓብዱልባሲጥ ራሱ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ከአንድ ሠራተኛው ጋር ረጅም አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ገባ፤ ድምፅ እንዳያሰማ መሬት ላይ እንደ እንቁላል አስቀመጠው። ራርቶልኝ ነው አለች በልቧ፤ ያለፈውን ሁሉ ይቅር አለችው። ከኋላው ዱቄት ፊታቸውን ያነጣው ሰልፈኛ ሴቶች ገቡ፣ ከእነሱ ኋላ የዕድሩ ሰዎች ሁለት የድንኳን ምንጣፍ ይዘው። ማንም ማንን አልጠየቀም፤ በእንዲህ ያለ ቀን መጀመሪያ ይቀመጣሉ እንጂ አይጠይቁም። ፎቶው ውጭ ስለቆመ የሞተው የዋቅቶላ ወገን ነው ተብሎ ተገምቷል፤ ሹክሹክታው አግዳሚውን ይዞ ሲሄድ ደረሰባት።

«ሀንጋሳ ናቸው አሉ። የዋቅቶላ ታላቅ ወንድም፣ አሬሮ ያሉት።»

«ውይ። ልጅቷ አታውቅም?»

«ገና ናት።»

የባሏ ወንድም ደህና ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ዓይናቸውን ሊታዩ እንደሚመጡ መልእክት ልከውላታል። አፏን ልትከፍት ቃጣች። ወደ መስኮቱ አየች፤ ኳኳታው አሁን ሳይቋረጥ ይወርዳል፣ ልጇ ሩጫ ላይ ናት። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት ከሃያ። እውነቱን ብትናገር ዓብዱልባሲጥ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ወፍጮው ይመለሳል፣ መብቱም ነው። መናገር ሲቻል ዝም ማለትም ውሸት እንደሆነ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስንት ትውልድ አስተምራለች። አንገቷን ደፋች፤ ተቀመጠችም። ሰው ሁሉ ሐዘኗ ነው ያለው ነገር እፍረት ነበር፣ ፊቷን እስከ ጆሮዋ ያቃጠላት እፍረት።

ሰፈሩም ዝም አለ። ሸዋርካብሽ ነገሌ ውስጥ በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። የባጃጅ ልጆች ከመታጠፊያው ላይ ሞተር አጥፍተው እየገፉ አለፉ። ማዶ ያለው ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ዘጋ። አህዮቹ እንኳ ራቅ ተደርገው ታሰሩ። አንዲት ሴት የሚያለቅስ ሕፃኗን ይዛ በጣቷ እየረገጠች ወጣች። ሸዋርካብሽ ይህን ሁሉ እያየች በአመስጋኝነቷ ውስጥ ንዴት ሲነሳባት ተሰማት። ልጇ በሕይወት ተቀምጣ ለምትታገልበት ፈተና ሁለት ሰዓት ተኩል የነፈጋት ሰፈር፣ ላልተረጋገጠ ሞት ቀኑን ሙሉ ሳይጠየቅ ሰጣት። ይህን ማን ላይ እንደምትናደድ ግን አላወቀችም፤ እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም።

አምስት ሰዓት ላይ የኮሌጁ ፒክአፕ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ። አቶ ልዑልቃልና ሐብታሙ ነበሩ። እነሱስ ለቅሶ ብለው አልመጡም፤ ኡርጂን ፍለጋ ነው የመጡት፤ ፈቃድ ላይ ናት፣ ስልኳም ዝግ ነው። መታጠፊያው ላይ ነገሩን ሲሰሙ አቶ ልዑልቃል ጃኬታቸውን ቆልፈው ገቡ፤ ሸዋርካብሽን ዝቅ ብለው እጅ ነሱና እሷ አጠገብ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሐብታሙ ከኋላቸው ተጎነበሰ። ወጣቱ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ደጋግሞ ወደ ስልኩ ያያል፣ አለቃው ደጋግመው በክርናቸው ይገፉታል።

አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሲሆን ሀንጋሳ በበሩ ገቡ።

ከአሬሮ በጠዋት አይሱዙ ተሳፍረው መምጣታቸው ነው፤ አቧራ ለብሰዋል፣ ዘንጋቸውን ይዘዋል፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ወረቀታቸው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል። የወንድማቸውን ፎቶ ውጭ ወንበር ላይ፣ ግቢውንም በሰው ተሞልቶ ሲያዩ ቆም አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠጂቱ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች፤ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ዓብዱልባሲጥ ምንም ሳይል ጠጋ አለላቸው። ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ አጋድመው ተቀመጡ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ናጋ?» ብለው ሰላም ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው ሰው ግን ጠፋ። የሞተው የሸዋርካብሽ ወገን መስሏቸው፣ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ያዝኑ ጀመር። ሀንጋሳ የራሳቸው ለቅሶ ላይ ተቀምጠው አዘኑ። ሠላሳ ጥንድ ዓይን ከእሳቸው ተነስቶ ወደ ሸዋርካብሽ ዞረ።

ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። የቀረው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ጠዋት ተጠቅልሎ ጓዳ የተቀመጠውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር በጓሮ በር ገብታ አመጣች፤ ጀርባው ነጭ ነው። ማርከሯን ከፈተችና ለሁለተኛ ክፍል ሰሌዳ በምትጽፈው ትልልቅ ፊደል ጻፈችበት፦ «ማንም አልሞተም። ኡርጂ ቤት ውስጥ ፈተና ላይ ናት። እስከ ስድስት ሰዓት ዝም በሉልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ።» ካላንደሩን ደረቷ ላይ ዘርግታ፣ ድሮ ፊደል ገበታ ይዛ በተማሪዎቿ መሃል እንደምትዞረው፣ ከአግዳሚው ጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላ ሄደች። አማርኛ ማንበብ ለማይችሉት ሌሎች በጆሯቸው በኦሮምኛ ነገሯቸው። ሀንጋሳ ወደ ጠጂቱ ጎንበስ ብለው ማን ነበር ሞተ የተባለው ብለው ጠየቁ።

«አንቱ ነበሩ» አለች ጠጂቱ፣ ከነጠላዋ ውስጥ።

ሽማግሌው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሸዋርካብሽ ተቆጡ ብላ ደነገጠች፤ ቀረብ ብላ ስታይ ግን በሳቅ ነው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እንባቸው እየወረደ። ዓብዱልባሲጥ ግን አልሳቀም። ካላንደሩን ሁለቴ አነበበ። ተነሳ። ከአጥሩ ወዲያ ሳይፈጭ ተከምሮ የቀረው ጆንያ ይታየዋል፣ ሰልፈኞቹ ሴቶችም እሱን ያዩታል። ሸዋርካብሽ ልትለምነው አልደፈረችም፤ ትናንት ለምናዋለች። እሱም ትናንት ያላትን ያስታወሰው ይመስላል፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ ኮፍያውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየና፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ከሴቶቹም አንዲት ተነስታ የሄደች የለችም።

ሐብታሙ በዚህ መሃል ትዕግሥቱ አለቀ። ወደ አቶ ልዑልቃል ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ እንግዲያው ኡርጂ ደህና ከሆነች ስትወጣ ይዘናት እንሂድ አለ። ሸዋርካብሽ አጠገባቸው ስለሆነች ሁሉን ሰማች። ሌሊት መብራት ጠፍቷል፤ ሲመጣ ሰርቨሩ ተነስቷል፤ ባለፈው ሳምንት ሐብታሙ በራሱ እጅ ያስገባው አዲስ ዲስክ ግን የለም፣ የተማሪዎቹ ውጤት የተቀመጠበት ፎልደር ባዶ ሆኗል፣ ዲስኩ ተቃጥሎ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ውጤቱ መላክ አለበት። ሸዋርካብሽ ፊቷን ወደ ወጣቱ መለሰች። ያደረገችው አስባበት አይደለም፤ ሦስት ወር ሙሉ አፏ የለመደው ነገር ነው።

«ተነስቶ ሲመለስስ?» አለችው በሹክሹክታ።

«እ?»

«ዲስኩን ስታስገባው፣ ማሽኑ ተነስቶ ሲመለስ እንዲያገኘው ጽፈህለታል? ኤፍ ኤስ ታብ ላይ?»

ሐብታሙ አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ ሳይሰናበት ተነሳና በጫማው ጫፍ እየረገጠ ከግቢው ወጣ፤ ፒክአፑ ቁልቁል ሲንደረደር ሰሙት፣ ሞተሩ የተነሳው ታች ሲደርስ ነው። አቶ ልዑልቃል ሸዋርካብሽን እንደ አዲስ ሰው ያዩዋት ጀመር። እርስዎ ይህን ከየት አወቁት ብለው ጠየቋት።

«ልጄን አስጠናታለሁ» አለች። ከዚያ ጨመረች፤ «ደግሞ አንድ ቀን ቁልፍ ላቀብላት ኮሌጅ መጥቼ ነበር። በርዎ ክፍት ነበር።»

አቶ ልዑልቃል መሬት መሬቱን ማየት መረጡ፣ ፈተናው እስኪያልቅም እንደዚያው ቆዩ።

ስድስት ሰዓት ከሁለት ሲሆን የበሩ መቀርቀሪያ ተሰማ። ኡርጂ ላብ ያጠመቃት ግንባሯን እየጠረገች ወጣች፤ ግቢ ሙሉ ሰው፣ የድንኳን ምንጣፍ፣ አጎቷን፣ አለቃዋን፣ በመሃል ካላንደር ደረቷ ላይ የዘረጋች እናቷን አየች። «ማነው?» አለች፣ «እማ፣ ማን ሞተ?» ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ታፍኖ የቆየው ሁሉ ባንዴ ፈነዳ፤ ጠጂቱ የያዘችውን ጩኸት በእልልታ ለቀቀችው፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ ቆጥ ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ተንጫጩ። ሸዋርካብሽ ግን አልሳቀችም። ሀንጋሳ እግር ሥር ወርዳ ይቅርታ ልትል ስትል ሽማግሌው ክንዷን ይዘው አነሷት።

«ሃዳ ኡርጂ፣ የኡርጂ እናት፣ ተነሺ። ሰው ሲሞት ማን እንደሚመጣለት አያይም። እኔ አየሁ» አሉ። ወደ ሰዉ ዞር ብለው፣ ውጤቱ መቼ እንደሚታወቅ ጠየቁ። ኡርጂ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በኢሜይል ይመጣል አለች። «እንግዲያው ለሞት የተቀመጥን ለዚህ ለምን እንነሳለን?» አሉና ዘንጋቸውን መልሰው አጋደሙት።

የሚቸኩል ሄደ፤ አብዛኛው ግን ቀረ። ዓብዱልባሲጥ ከማዶው ሱቅ ሁለት ካርቶን ብስኩትና ለስላሳ አስመጣ፤ ሸዋርካብሽ ዋጋውን ልትጠይቀው ስትል፣ ትናንት በደንብ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ ብሎ ጀመረ። «ነግሬህ ነበር» አለችው። «አዎ» አለ፣ «ነግረውኛል።» አቶ ልዑልቃል ስምንት ሰዓት ላይ ስልካቸው ጮኸ፤ ራቅ ብለው አነሱና ተመልሰው ለኡርጂ፣ ዲስኩ ደህና ነው፣ ሐብታሙ አግኝቶታል፣ እናትሽ እንዳሉት ነው አሏት። ሰኞ ማመልከቻዋን ራሷ ይዛ ቢሮአቸው እንድትመጣም ነገሯት፤ ሲነግሯት ግን የሚያዩት ሸዋርካብሽን ነበር። ኡርጂ ስለ ዲስኩ ምኑም አልገባትም፣ እናቷም አላስረዳቻትም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ከዋቅቶላ ጀርባ ያለው ስልክ ድምፅ ሰጠ። ኡርጂ ፎቶውን ሳትነካ እጇን አሾልካ ስልኩን አወጣች። ግቢው እንደገና ዝም አለ፤ አሁን ማንም ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገ የለም። ኢሜይሉን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከሦስት መቶ ሁለት መቶ ስልሳ አራት፤ የሚፈለገው ሁለት መቶ አሥር ነው። ከዚያ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። ሸዋርካብሽ መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን አየች፣ እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ተከተለች፣ እስክትጨርስ አልቸኮለችም።

«ተነስቶ ሲመለስስ?» አለች።

«ተነስቶ ነው የታረመው፣ እማ» አለች ኡርጂ። «ሁሉም ተገኝቷል።»

ሸዋርካብሽ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንድታለቅስ ሲጠብቋት የነበሩት ሁሉ እያዩዋት። ከዚያ ፊቷን ጠረገች፣ ባሏን ከወንበሩ አንስታ ገባች፣ ወንበር ላይ ወጥታ ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ትንሽ ቆይቶ የሳሎኑ መስኮት መንዘር ጀመረ፤ ዓብዱልባሲጥ ወፍጮውን አስነስቶ ነበር።